ለሐበሻ ልብስ ሱቅ ድረ ገጽ ቁልፍ ቃል በምን ልፈልግ?

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ድረ ገጽ ካሠራሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ፤ ሰዎች ጎግል ላይ የሚጽፏቸውን ቁልፍ ቃላት በጽሑፌ ውስጥ እንዳስገባ ተመክሬአለሁ። ለጀማሪ የሚሆን መሣሪያ ወይም ባለሙያ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ጥቆማ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በነጻ ከሚገኙት ይጀምሩ። ከሁሉ የማስቀድመው ጎግል ሰርች ኮንሶልን ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ግምት ሲሰጡ፣ ይህኛው የእርስዎ ገጽ በየትኛው ፍለጋ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ እንደተከፈተ እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳያል። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሐበሻ»፣ «ሀበሻ»፣ «ሃበሻ» ብለው የሚጽፉት ገዢዎች የሚፈልጉት ያንኑ ልብስ ነው፤ «ሠርግ» እና «ሰርግ»ም እንደዚሁ። በዚህ ላይ «የ»፣ «ለ» እና «በ» እየተጣበቁበት የቃሉ መልክ ይለዋወጣል፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ። ስለዚህ የትኛው አጻጻፍ ሰው እንዳመጣልዎ ካዩ በኋላ በገጹ ርዕስና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ እሱን ያድርጉ። ሦስቱንም የ«ሐበሻ» አጻጻፎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ መደርደር ግን ሱቁን ፊደል በማያውቅ ሰው የተያዘ ያስመስለዋል።

ጎግል ትሬንድስ የፈላጊውን ብዛት አይነግርዎትም፤ ከ0 እስከ 100 በሚደርስ ንጽጽር የፍላጎቱን መውጣትና መውረድ ያሳያል። ስለ ጥምቀት ወይም ስለ እንቁጣጣሽ ልብስ የሚጽፉትን መቼ እንደሚያወጡ ለመወሰን ይረዳል፤ ፈላጊያቸው ጥቂት ለሆኑ ሐረጎች ግን ባዶ ሊወጣ ይችላል። በጎግል ማስታወቂያ አካውንት ውስጥ የሚገኘው ኪወርድ ፕላነር አንድ ቃል በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ ይገምታል፤ ማስታወቂያ ለማያሠራ ሰው ግን እንደ «ከ100 እስከ 1,000» ያለ ሰፊ ግምት ነው የሚሰጠው። ቢሆንም አሜሪካ ያሉ ደንበኞችዎ በእንግሊዝኛ ምን ብለው እንደሚፈልጉ ለማየት ከእሱ የተሻለ ነጻ መሣሪያ አላገኘሁም።

አህሬፍስና ሴምራሽ የሚባሉት የሚከፈልባቸው የቁልፍ ቃል መፈለጊያ መሣሪያዎች ጠንካራ ናቸው፤ ነገር ግን ሙሉ አገልግሎታቸው በወር ከ100 ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ለአንድ ሱቅ አልመክርም።

ቃሉን ካገኙ በኋላ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው። «የሐበሻ ቀሚስ» የሚለውን ብቻ ይዘው ከትልልቅ ሻጮች ጋር ከመፎካከር ይልቅ፣ ለምሳሌ «ለሙሽራ የሚሆን የመነን ቀሚስ ዋጋ» የሚል ገጽ ቢጽፉ የሚመጣልዎ ሰው ጥቂት ቢሆንም ሊገዛ ያሰበ ነው። የጨርቁን ዓይነትና ዋጋውን ፎቶው ላይ ብቻ አይጻፉ፤ ከፎቶው ሥር በጽሑፍ ይድገሙት። ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፊደልን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ የቆየ ጽሑፍ ካለዎትም ሳይቀይሩ አይለጥፉት፤ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ጎግል የሚያነበው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው።

ሱቅዎ ድረስ ለሚመጣ ገዢ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ጎግል ማፕ ላይ መመዝገብ ይቀድማል፤ እሱም ነጻ ነው።

ሌላ ጥቆማ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ባለሙያ መቅጠር ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሳይጠይቁ መቅጠር ነው። እኔ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ገንዘቤን ተቀብሎ ከገጼ ግርጌ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ያንኑ ሐረግ ደጋግሞ ጽፎልኝ ነበር። ይህ በጎግል መመሪያ የተከለከለ ማጭበርበሪያ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። «የቁልፍ ቃል ሜታ ታግ (ጎብኚ በማያየው የገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባ የቃላት ዝርዝር) እንሞላልዎታለን» በሚል ዋጋ የሚጨምርብዎትንም አይስሙ፤ ጎግል ያንን ታግ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። አንደኛ ላይ እንደሚያወጣዎት ዋስትና የሚሰጥ ካጋጠመዎትም ይለፉት።

ውል ሲገቡ የትኞቹን ገጾች በየትኛው ሐረግ እንደሚጽፍልዎ በዝርዝር ያስፈርሙት። ሰርች ኮንሶሉን ደግሞ በራስዎ ኢሜይል ይክፈቱና ለባለሙያው የተጠቃሚ ፈቃድ ብቻ ይስጡት፤ ስትለያዩ መረጃው እርስዎ ዘንድ ይቀራል።