ከወባ በኋላ ትራይግሊሰራይዴ ተሰቀለ

ዕድሜዬ 46 ነው፤ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ማታ ማታ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለሥራ መተማ ወርጄ ወባ ያዘኝ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ተባልኩ። የወባ መድኃኒቱን፣ የኮአርተምን 24 ፍሬ በሦስት ቀን ጨረስኩ። ከቅባት ጋር ካልሆነ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም ስላሉኝ እያንዳንዱን በወተት ነው የዋጥኩት (ያን ሰሞን እንጀራ ማን ሊያይ!)።

በሳምንቱ በባዶ ሆዴ ደም ሰጠሁ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ165 ወደ 312 ወጥቷል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል ከ42 ወደ 23 ወርዷል። አስደገምኩት፣ ያው ነው። አቶርቫስታቲኑን አንድ ቀን አላቋረጥኩም።

ፋርማሲስቱ «ኮአርተሙ ነው» ይላል። ሐኪሙ አቶርቫስታቲኑን ወደ 40 እናሳድገው አለኝ። እኔ ግን ወባው ራሱ የደም ስብን ለጊዜው እንደሚያዛባ አንብቤአለሁ። መጠኑን ከመጨመሬ በፊት፣ ከዳንኩ ስንት ሳምንት ቆይቼ ብመረመር ነው እውነተኛውን ቁጥር የማገኘው?