የካሊፎርኒያ ፈቃዴን ይዤ ቨርጂኒያ ገባሁ፤ አሁንስ?

ሰላም ለሁላችሁ። የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት ነኝ። የካሊፎርኒያ ፈቃዴ በየ2 ዓመቱ 36 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃል፤ 6ቱ ሕግና ሥነ ምግባር። አሁን ቨርጂኒያ ገብተናል። እዚህ እድሳቱ በየዓመቱ ነው፣ 20 ሰዓት። በአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌላው ለመሥራት የሚያስችለው፣ ለካውንስለሮች የወጣው የስቴቶች ስምምነት ደግሞ እኛን አይጨምርም፤ ያናድዳል!

የድሮ ደንበኞቼ በቪዲዮ እንድቀጥል ይፈልጋሉ። አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት እንደ ልብ አይገኝም፤ ልተዋቸው አልፈልግም። ፈቃዱ የሚታየው ደንበኛው ባለበት ስቴት ስለሆነ የካሊፎርኒያውንም መጣል አልችልም።

ሁለቱንም የያዛችሁ ካላችሁ፣ አንዱን ኮርስ ለሁለቱም ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ታስቆጥራላችሁ? የካሊፎርኒያው የሕግ ኮርስ እዚህ ያልፋል ወይስ ድጋሚ መክፈል ነው? ስታመለክቱስ የድሮ የሱፐርቪዥን ሰዓት (ከፈቃድ በፊት በሱፐርቫይዘር ሥር የተሠራ) ማስረጃ ጠየቋችሁ? የእኔ ሱፐርቫይዘር ጡረታ ወጥታለች፤ ስልኳም አይሠራም።