እንደ ሜሪያን ቢራቢሮን ከነሎሚዋ ለመሣል ከየት ይጀመራል?

ሳቢያን ዋርካ (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክበብ ዐውደ ርዕይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊት የነፍሳትና የዕፅዋት ሠዓሊ በማሪያ ሲቢላ ሜሪያን አሠራር አንድ ሥዕል ሊዘጋጅ ነው። እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ሙሽሬ (ፑፓ) እና ቢራቢሮ ከሚበሉት ተክል ጋር በአንድ ወረቀት ይሰፍራሉ። ግቢው ያለው የሎሚ ዛፍ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስሉ አባጨጓሬዎች ወጥተዋል። ከየትኛው ደረጃ ይጀመር? በድሬ ሙቀት የውሃ ቀለሙ ሳይዘረጋ ጠርዝ እየያዘ ይደርቃል፣ ምን ይሻላል? ከሥሩ የሠዓሊዎቹ ስም እንዴት ይጻፍ? ብራና ላይ እንሥራ ያሉም አሉ።

ጀጎል በር (ሐረር)
ያያችኋት የሎሚ ቢራቢሮ ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ። አባጨጓሬዋ ቆዳዋን አራት ጊዜ ገፍፋ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ርዝመቷም ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስትነካ ከጭንቅላቷ ጀርባ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥታ ትሸታለች። ያን ቀንድ መሣል አትርሱ።

አጀማመሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፋውን ቀለም ያዙ። የአባጨጓሬ ቀለም ከሞተች በኋላ ይበላሻል፣ የሎሚ አበባም በአንድ ቀን ይጠወልጋል። የቢራቢሮ ክንፍ ግን ደርቆም ቀለሙን ይይዛል። ስለዚህ አበባውና አባጨጓሬዋ በሕይወት ሳሉ ይቀባሉ፣ ሙሽሬዋ ቀጥላ፣ ቢራቢሮዋ መጨረሻ። ሜሪያን ሐር ትሎችን ማጥናት የጀመረችው በ13 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ነው። ከዚያም ትሎቹን ራሷ እያሳደገች ያየችውን በጥናት መዝገቧ ላይ ትሥል ነበር። ከሙሽሬ ቢራቢሮ ሳይሆን ተርብ ወይም ዝንብ ሲወጣም መዝግባለች። እናንተም ይህ ቢገጥማችሁ አትጣሉት፣ ሣሉት።

ለማሳደግ የሎሚ ቅርንጫፉን ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና አፉን በጥጥ ድፈኑት፤ ክፍት ከተተወ ትሏ ወርዳ ትሰምጣለች። ዙሪያውን በሻሽ ሸፍኑት። የተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ግን አታኑሯት፤ ኩሷ ይሻግትና ትሞታለች። መድኃኒት የተረጨ ቅጠል ፈጽሞ አይሆንም። ከሙሽሬዋ በታች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉላት። ስትወጣ ክንፏን አንጠልጥላ ካልዘረጋች ተጨማድዶ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ አይስተካከልም።

ከዚራ ቀለም (ድሬዳዋ)
ለቀለሙ፦ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ 3 ጠብታ ግሊሰሪን ጨምሩ። ማድረቁን ያዘገያል። ከዚህ ካበዛችሁ ግን ቀለሙ እየተጣበቀ አቧራ ይይዛል። ባለ 300 ግራም (በካሬ ሜትር) ለስላሳ ወረቀት ይሻላል፤ ሸካራው የቢራቢሮዋን የእግር ጥፍር አያሳይም። የማራገቢያውን ነፋስ ከወረቀቱ አዙሩት፤ ጠርዝ የሚይዘው በአብዛኛው በእሱ ነው። ሥራውን ማለዳ ላይ አድርጉት።

መጠኑን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በእውነተኛው ልክ ሣሉ። የቢራቢሮዋ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ኤ4 ይበቃል።

ብራናን በተመለከተ ሜሪያን በብራና ላይ ትሠራ ነበር፤ የእኛ የፍየል ብራናም ያምራል። ግን ውሃ ሲበዛበት ይኮማተራል። በቁጥር 0 ብሩሽ፣ ከሞላ ጎደል ደረቅ ቀለም በጭረት እየደራረቡ እንጂ እንደ ወረቀት አጥለቅልቆ አይሠራበትም። ለተማሪ ይከብዳል፤ በወረቀት ጀምሩ።

ጀጎል በር (ሐረር)
ስሙን በተመለከተ አደራ፦ «የሣለችው»፣ «የቀረጸው»፣ «ቀለም የቀባችው» ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። በድሮ ኅትመት እነዚህ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሴት ሠዓሊዎች ስምም የጠፋው እዚያ ላይ ነው። ሜሪያን ስለ ደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም ነፍሳት ያዘጋጀችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1705 ሲታተም 60 ሥዕል ነበረው። ሥዕሉ የሚታተምበትን የመዳብ ሰሌዳ አብዛኛውን የቀረጹት ሌሎች ናቸው፤ ሥዕሉ ግን የእሷ ነው። ሌላዋ ሠዓሊ ኤልሳቤጥ ብላክዌል እ.ኤ.አ. ከ1737 እስከ 1739 ባሳተመችው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ግን 500ውን ሥዕል ራሷ ሣለች፣ ራሷ ቀረጸች፣ ራሷ ቀባች። በየሳምንቱ 4 ሥዕል እያወጣች 125 ሳምንት! ባሏ በዕዳ ታስሮ ነበርና እሱን ለማስፈታት ነው የጀመረችው። የወፍ ሠዓሊዋ ኤልሳቤጥ ጉልድም አለች፤ የዳርዊንን የጋላፓጎስ ወፎች በድንጋይ ኅትመት ያዘጋጀችው እሷ ሆና ሳለ ሰው የሚያነሳው የባሏን ስም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሜሪያን ወፍ የምትበላ ሸረሪት ሥላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሸታም ተብላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1863 እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ቤትስ በአማዞን ያየውን ሲያሳትም ልክ መሆኗ ታወቀ። በአንጻሩ ፋኖስ ዝንብ የተባለው ነፍሳት ጭንቅላቱ በሌሊት ያበራል ብላ ጽፋለች፤ አያበራም። ስለዚህ ክበቡ ያየውን ከቀኑ ጋር፣ የሰማውን ደግሞ «ተብሏል» ብሎ ለይቶ ይጻፍ።

ሳቢያን ዋርካ (ድሬዳዋ)
እግዜር ይስጥልን። እንቁላሏን ግን እስካሁን አላገኘንም።

ከዚራ ቀለም (ድሬዳዋ)
አዲስ ለጋ ቅጠል ፈልጉ። አንድ አንድ እያደረገች ስለምትጥል ክምር አትጠብቁ። ክብ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከስፒል ራስ የማትበልጥ ናት። ሊፈለፈል ሲል ይጠቁራል፣ ስለዚህ ባገኛችሁበት ቀን ሣሉት።