የሳንባ ዕጢና ሆርሞን፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። አክስቴ የሳንባ ካንሰር ተገኘባት፤ ዓይነቱ አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሣው) ነው ተባልን። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ግን የእንጨት ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የጡት ካንሰር የታከመች ጎረቤታችን የተረፋትን ታሞክሲፈን (ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በጡት ካንሰር ላይ እንዳይሠራ የሚያግድ ኪኒን) ይዛ መጣች፤ «ይሄም የሴት ሆርሞን የሚያባብሰው ነው፣ ስጧት» አለች። ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሳነብ በሳንባ ዕጢ ሴሎች ላይም የኢስትሮጅን ተቀባይ (ሆርሞኑ የሚያርፍበት ፕሮቲን)፣ በተለይ ቤታ የሚባለው፣ እንደሚገኝ አየሁ፤ ኢጂኤፍአር ከሚባለው የዕድገት ፋክተር ተቀባይ ጋር እየተጋገዘ ሴሉ እንዲራባ ይገፋዋል። አሜሪካ ውስጥ ባረጡ ሴቶች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናትም (ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ) ኢስትሮጅንንና ፕሮጀስቲን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን አብረው ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የሞቱት በዝተው ተገኝተዋል። ሆኖም ታሞክሲፈን የሳንባ ካንሰር መደበኛ ሕክምና አይደለም፤ ኪኒኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ (ጎረቤታችን አኩርፋለች)።

የኢጂኤፍአር ጂን ለውጥ ካለባት ግን እንደ ኤርሎቲኒብ ወይም ኦሲመርቲኒብ ያለ ኪኒን ሊረዳት ይችላል፤ ለውጡ ደግሞ በማያጨሱ ሰዎች ላይ ይበዛል። ከዕጢው ተወስዶ የተቀመጠው ናሙናዋ ለዚህ የጂን ምርመራ ይበቃል ወይስ እንደገና ልትወጋ ነው? ከወሎ ሆነን ወዴት እንላከው?

ሌላው፣ ድሮ ለዓመታት የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወስድ ነበር፤ «እሱ ነው ያመጣብኝ» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ጥናቱ ስለ ማረጥ ሆርሞን እንጂ ስለ መርፌው አይደለም ብላትም እኔን አትሰማም። የካንሰር ሐኪም የሆናችሁ ሁለት መስመር ብትጽፉልኝ አነብላታለሁ።