መብራት ሳበራ ዝም፣ ጣውላ ሳስቀምጥ የሚገፋ ፒስተን

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነባበት ጨዋታ) ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እየሠራሁ ነው፤ ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ዕትም ነው የምጫወተው። ጅሬን ኮረብታ ድረስ ወጥቼ የበረንዳውን ምሰሶ በስልክ አንስቼ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ እንዲያምርልኝ እፈልጋለሁ።

ምድር ቤቱ ላይ በስቲኪ ፒስተን (ብሎክ ገፍቶ መልሶ በሚጎትት ማሽን) የሚሠራ ድብቅ በር አስገብቻለሁ። ይሄኛው የራሴ ጭማሪ ነው። ከፒስተኑ ሦስት ብሎክ ከፍ ብሎ የላይኛው በረንዳ መብራቶች የሬድስቶን መስመር (እንደ ሽቦ ኃይል የሚያስተላልፍ ዱቄት) ያልፋል። ፒስተኑን የትም አይነካውም። መብራቱን ሳበራ ምንም የለም። ከዚያ ፒስተኑ አጠገብ አንድ ጣውላ ሳስቀምጥ ዷ ብሎ ይገፋል! መብራቱን ባጠፋም እንደተዘረጋ ይቀራል። ጣውላውን ስሰብረው ነው የሚመለሰው። ታናሽ እህቴ ስልኳ ላይ ያንኑ አንድ በአንድ ሠራችው፤ የሷ ንቅንቅ አይልም። ምንድነው ነገሩ?

ሪፒተር፦
ወንድሜ፣ ኳዚ ኮኔክቲቪቲ የሚባለው ነው። ጃቫ ላይ ፒስተን የራሱን ቦታ ብቻ አያይም፤ ከላዩ ያለውንም ቦታ ያያል። እዚያ ሌላ ፒስተን ቢቀመጥ ኃይል ያገኝ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ የታችኛውም እንዳገኘ ይቆጠራል። ቦታው ባዶ አየር ቢሆንም። ያንተን እንየው። መስመሩ የተኛበት ብሎክ ከፒስተኑ ሁለት ብሎክ ከፍ ይላል። ዱቄቱ ለዚያ ብሎክ ኃይል ይሰጠዋል። ብሎኩ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ ይነካል። በቃ፣ ፒስተንህ በርቷል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይገፋም? ፒስተን ሁኔታውን የሚያጣራው አጠገቡ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። ዱቄቱ ሲበራ ለውጡን የሚያሳውቀው እስከ ሁለት ብሎክ ድረስ ነው። ያንተ ፒስተን ሦስተኛው ላይ ነው ያለው። ኃይሉ ደርሶታል፣ የነገረው ግን የለም። ጣውላው ነው የነገረው።

መስመሩን አንድ ብሎክ ከፍ አድርገው፣ ይገላግልሃል።

ከአጋሮ፦
ከፍ ካደረገው እኮ የበረንዳው ቁመት ይበላሽበታል! ከመስመሩ ሥር ያለውን ብሎክ ወደ ላይኛ ስላብ (የቦታውን ላይኛ ግማሽ ብቻ የሚይዝ ግማሽ ብሎክ) ቀይረው። ዱቄት ይቀመጥበታል፣ ኃይል ግን ወደ ታች አያሳልፍም።

የእህትህ ስልክ ላይ ያለው ቤድሮክ የሚባለው ሌላው የጨዋታው ዕትም ነው፤ እዚያ ይሄ ነገር ጭራሽ የለም። መነሻው የጨዋታው ተራ በር ነው። በር ሁለት ብሎክ ቁመት ስላለው ላይኛው ግማሽ ኃይል ሲያገኝ ታችኛውም መከፈት አለበት። ያ አሠራር ነው ወደ ፒስተን የተሻገረው። ዲስፔንሰርና ድሮፐርም (ዕቃ የሚያስወጡ ብሎኮች) እንደዚያው ናቸው። የጨዋታው ሠሪ ሞጃንግም አላጠፋውም፣ እኔ ደግሞ ጥሩ አደረገ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦብዘርቨር (ከፊቱ ያለው ብሎክ ሲለወጥ ምልክት የሚሰጥ ብሎክ) ከመምጣቱ በፊት ለውጥ የሚያውቅ ማሽን የሚሠራው በዚሁ ነበር።

የጅሬን ልጅ፦
ስላቡ ሠርቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ! በረንዳውም ቁመቱን አልለቀቀም። አሁን በሩ የሚከፈተው ድብቁ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው።

ግን ይሄን ነገር ካወቅኩ በኋላ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈለግኩም። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ሸንኮራ አገዳ ተክዬ፣ አገዳው ሲያድግ ፒስተኑ እሱ ሲነግረው እንዲቆርጠው አስቤያለሁ። ከቆረጠ በኋላ ኃይሉን አጥፍቶ ፒስተኑን የሚመልሰው ትንሽ ሰርኪት ግን ጎድሎኛል። የሠራችሁ ካላችሁ ፎቶ ጣል አድርጉልኝ።