የሐይቅ ቆሮሶ ሾርባ፦ የጭቃ ሽታው በምን ይጥፋ፣ ቅመሙስ መቼ ይግባ?

ጥያቄ፦ የጦሳ ሥር ነዋሪ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በመጪው እሑድ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሆኑ ጎረቤቶቻችንን ቤታችን ጠርተናል። እንደምታውቁት በእኛ በወሎ እንዲህ ላለ ግብዣ ሥጋ ከታሰበ ሁለት አራጅና ሁለት ድስት መታሰቡ አይቀርም፤ ዓሣ ግን መታረድ ስለማያስፈልገው ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል ብለን የዓሣ ሾርባ ለማዘጋጀት ወስነናል። ከሐይቅ ከተማ ቆሮሶም አምባዛም ማምጣት እንችላለን። የምንፈልገው ቅመሙ በደንብ የሚሰማ፣ ግንባር የሚያልብ ሾርባ ነው። የጭቃ ሽታው በምን እንደሚጠፋ፣ ዓሣው ሳይፈራርስና እሾሁ ከሾርባው ሳይቀላቀል እንዴት እንደሚበስል፣ ሚጥሚጣውና ሌላው ቅመም በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ቅቤ አንጠቀምም።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር

በመጀመሪያ፣ ለእንዲህ ያለው ግብዣ ቆሮሶውን ይምረጡ። አምባዛ ሥጋው ወፍራምና ጣፋጭ ቢሆንም ቅርፊት ስለሌለው፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው እንዳይበላ የተጻፈውን የሚጠብቁ ክርስቲያኖች አይነኩትም። ካርፕም ከሐይቃችን ይወጣል፤ ነገር ግን ቀጫጭን እሾሁ በሥጋው መካከል ስለሚበዛ ለሾርባ አልመክረውም።

ዓሣውን በፊሌቶ ብቻ አይግዙ። ነጋዴው ፊሌቶውን ካወጣ በኋላ የሚጥለው ጭንቅላትና አጥንት የሾርባው ነፍስ ነውና አብሮ እንዲሰጥዎ ይንገሩት። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ዓሣ ይውሰዱ። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሐሞቱ እንዳይፈነዳ ይጠንቀቁ፤ ከፈሰሰበት ምሬቱ በምንም ቅመም አይሸፈንም።

የጭቃ ሽታ የሚባለው በውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ከሚያመነጩት ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ በዓሣው ቆዳና ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ በውሃ ማጠብ ብቻ አይለቅም፤ ኮምጣጣ ነገር ግን ይሰብረዋል። ስለዚህ ስንጥቡን ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ይጣሉ፤ በሆዱ ውስጥ የተለጠፈውን ጥቁር ስስ ሽፋን በጨው እያሹ ይፋቁ፤ በአከርካሪው ሥር የረጋውን ደምም በቢላዋ ጫፍ ከፍተው ያጽዱ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በሁለት ሎሚ ጭማቂና በጨው አሽተው ለ15 ደቂቃ ያህል አቆይተው ያለቅልቁት። ከዚያ በላይ ከቆየ ሎሚው ሥጋውን አንጥቶ ያደርቀዋል።

መልስ፦ የቦርከና እናት (ኮምቦልቻ)

ሐይቅ ዳር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ወደ ድስቱ ልለፍ።

ዋናው ነገር አጥንቱንና ሥጋውን በአንድ ላይ አለማብሰል ነው። አጥንት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሥጋ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሁለቱ አብረው ከተጣዱ ሥጋው ይበታተናል፣ እሾሁም በየሳህኑ ይገባል። ለስድስት ሰው የሁለት ኪሎ ያህል ቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት በሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱ፤ ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት፣ የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና ጥቂት ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይጨምሩበት። አረፋው ሲነሣ እየገፈፉ እሳቱን ይቀንሱ፤ እየተንተከተከ እንጂ እየተንፈቀፈቀ እንዲፈላ አይተዉት፣ መረቁ ይደፈርሳልና። ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆዩት። የበሬ አጥንት ሙሉ ቀን ቢቀቀል ይጣፍጣል፣ የዓሣ አጥንት ግን ሲበዛበት ይመራል። ከዚያም በጥሩ ወንፊት፣ ከተቻለም ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ደርበው ያጥሉት። የእሾህ ጥያቄዎ መልስ ይኸው ማጥለያ ነው።

በሌላ ድስት ሁለት የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ቀጥሎም ሁለት የተፈጨ ቲማቲም ይግቡበት። ቲማቲሙ ውሃውን ጨርሶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ቁሌቱ ደርሷል። መረቁን ያፍሱበት፤ በደቃቁ የተከተፈ ካሮትና ድንችም ይጨምሩ። ድንቹ ሲለሰልስ ብቻ ፊሌቶውን ሁለት ጣት በሚያህል መጠን ቆርጠው ያስገቡት፤ ከዚህ በኋላ ማማሰያ አይንካው፣ ድስቱን በእጀታው ይዘው ማወዛወዝ ይበቃል። ሥጋው ነጭ ሆኖ በቀላሉ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ይወጣል።

ቅመሙ ሁለት ጊዜ ይገባል። ሙቀት የሚፈልገው፣ ማለትም እርዱና ዝንጅብሉ፣ ከቁሌቱ ጋር፤ ሽታው ቶሎ የሚበንነው ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሚጥሚጣና የተሰነጠቀ ቃሪያ ደግሞ ድስቱ ከመውረዱ ትንሽ ቀደም ብሎ። አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጣል አድርጎ ወዲያው ማውጣት የእኔ ልማድ ነው፤ ብዙ ከቆየ ግን ዓሣውን ይውጠዋል።

መልስ፦ ወልድያዊው

ከቦርከና እናት ጋር በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ ቀለምም ሰውነትም አይሰጥም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከሽንኩርቱ ጋር በደንብ ቢቁላላ ሾርባው ይቀላል፣ የቀረ ሽታም ካለ ይሸፍነዋል።

መልስ፦ የቦርከና እናት

ወንድም ዓለም፣ በርበሬ የገባበት የዓሣ ወጥ ይባላል፤ እሱም ደስ ይላል። ጠያቂው ግን ሾርባ ነው ያሉት። የግድ ከተባለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የጦሳ ሥር ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ መረቁን ቅዳሜ አዘጋጅቶ ማሳደር ይቻላል? ከተጋባዦቹ መካከል ሕፃናት ስላሉ የሚያቃጥለው ነገርስ እንዴት ይደረግ?

መልስ፦ ሐይቅ ዳር

መረቁ ያድራል። ካጠለሉት በኋላ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ቶሎ እንዲበርድ ያድርጉና ማቀዝቀዣ ያስገቡት፤ ጠዋት እንደ ጄሊ ረግቶ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ከአጥንቱ የወጣው ነገር ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ሥጋውን ግን ጥሬውን በማቀዝቀዣ ያሳድሩት እንጂ አብስለው አያሳድሩት። መብራት የሚጠፋ ከሆነ ሁሉንም እሑድ ጠዋት መሥራት ይሻላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድንቹና ካሮቱ ቆላ ካለው ሰው ምጣኔ ይልቅ ስለሚዘገዩ አስቀድመው ይጀምሩ፣ ካልበሰሉም ዓሣውን አያስገቡ። ለሕፃናቱ ደግሞ ሚጥሚጣና ቃሪያው ከመግባቱ በፊት ድርሻቸውን በተለየ ድስት ይቅዱ፤ የእነርሱንም ቁራጭ በጣትዎ ዳስሰው እሾህ አለመኖሩን ያረጋግጡ፣ ፊሌቶ ቢሆንም አንዳንዴ ከጎድኑ በኩል ይቀርበታልና። የተቆረጠ ሎሚ በየሳህኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ ድስቱ ውስጥ ገብቶ ሲፈላ ጥሩ ሽታው ስለሚበንን ተመጋቢው ራሱ ይጭመቅበት።