ከምርመራ የተረፈው ደም የማን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ደም ሰጣችሁ እንበል። ወይም እብጠት ወጣላችሁና ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ክፍል፣ ተላከ። ውጤታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ። ደሙ ግን ሙሉ በሙሉ አላለቀም። የወጣው እብጠትም መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ ይመጣና «ስም አታሳዩኝ፣ ናሙናውን ብቻ ስጡኝ» ይላል። ይሰጠው? ወይስ መጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቅ? ስድብ ክልክል ነው። ባለፈው የክትባት ክርክር ጊዜ ያየነው ይበቃናል።

የላብ ሰው፦ እኔ ልጀምር፣ የእንጀራዬ ጉዳይ ስለሆነ። አንድ ቲዩብ ደም ይመጣል። ማሽኑ የሚፈልገው ትንሽ ነው። ቀሪው ጥቂት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይና ይወገዳል። ሊጣል በተዘጋጀ ነገር ላይ ፈቃድ ምን ይሠራል? አዲስ የጉበት ወይም የስኳር መመርመሪያ ሲገባ በትክክል መሥራቱን የምናየው በዚሁ በተረፈ ደም ነው። ለእያንዳንዱ ቲዩብ ሰው እያሳደዳችሁ አስፈርሙ ከተባልን ሥራው ቆመ ማለት ነው። ስሙ ከጠፋ ማን ይጎዳል?

የታካሚ ልጅ፦ ወንድሜ፣ «የሚጣል» የሆነው ለአንተ ነው። የኔን ልንገርህ። እናቴ ያረፈችው በጡት ካንሰር ነው። በኋላ አክስቴ ታመመች። እኔም ፈራሁና ሐኪም አማከርኩ። በዘር የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የታመመችውን ሰው መመርመር ይሻላል ተባልኩ። እናቴ የለችም። ያለው ያኔ የተወሰደው ናሙናዋ ነው። የታከመችበት ቦታ ሄጄ ጠየቅኩ። ሰውየው መዝገብ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ምን አለኝ? «ብሎኩ ለጥናት ተወስዶ አልቋል።» ማን ፈቀደ? ዝም። ለምን ጥናት? እሱም አያውቅም። እኔ ምርምር አልጠላም። ጠይቀዋት ቢሆን እናቴ ራሷ «ውሰዱት» ነበር የምትለው፣ አውቃታለሁ። ግን አልጠየቋትም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ብሎክ ምንድን ነው? ይቅርታ፣ ሁላችሁም የምታውቁት ይመስላል።

የስላይድ እመቤት፦ ፓቶሎጂስት ነኝ፣ እኔ ልመልስ። ከሰውነት የወጣ ሥጋ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውኃው በአልኮል እንዲወጣ ይደረግና በቦታው ፓራፊን ሰም ይገባል። ሰሙ ሲደርቅ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሳ ቅጠል እየላጨን መስታወት ላይ እናነጥፋለን። መስታወቱ ስላይድ ነው። የቀረው ሰም ደግሞ ብሎክ። በደንብ ከተያዘ አሥርት ዓመታት ይቆያል።

አሁን ወደ እህቴ። የደረሰብሽ ነገር ጥፋት ነው፣ ማንም በምርምር ስም ሊሸፍነው አይገባም። ለምርመራ የተቀመጠ ብሎክ ለጥናት ተብሎ ተሟጥጦ አያልቅም። ቢያንስ ለታካሚው የሚበቃ ይተዋል። ይሄ የሙያችን ሀሁ ነው።

ግን በዚህ ተነስተን በሩን እንዝጋ ካልን የምናጣውን እዩ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የ1918 ኢንፍሉዌንዛ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በጊዜው ቫይረሱን ለይቶ ያወቀ አልነበረም። በ1997 ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ ከአንድ የአሜሪካ ወታደር የሳንባ ብሎክ ላይ የቫይረሱን ዘረመል ቁርጥራጮች አወጡ። ወታደሩ የሞተው በ1918 ነው። ብሎኩ በጦሩ የፓቶሎጂ ተቋም 79 ዓመት ተቀምጧል። ኤችአይቪም እንደዚያው ነው። በ1960 በዛሬዋ ኪንሻሳ ከአንዲት ሴት የተወሰደ ንፍፊት በሰም ውስጥ ቆይቶ በ2008 ውጤቱ ታተመ። ከ1959 የደም ናሙና ጋር ሲነጻጸር፣ ቫይረሱ በሰው መካከል መዛመት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አካባቢ እንደሆነ ታወቀ። የ1980ዎቹ በሽታ ነው ሲባል የኖረው ማለት ነው! እነዚህን ሰዎች ማን ሄዶ ያስፈርማቸው?

ሕግ አጥኚ፦ ዶክተር፣ ከታሪኩ ግማሹን ዘለሉት። በዚያው በ1997 ዮሃን ሁልቲን የሚባል ሐኪም አላስካ ውስጥ ብሬቪግ ሚሽን ወደምትባል መንደር ሄደ። በ1918 አብዛኛው ነዋሪዋ አልቆ በረዶ በሆነ መሬት ውስጥ የተቀበረባት ናት። ሰውየው 72 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ምን አደረገ? የመንደሩን ሰዎች ፈቃድ ጠየቀ። ፈቀዱለት። ቆፍሮ ሳንባ አገኘ። የዚያ ቫይረስ ሙሉ ዘረመል በ2005 የተጠናቀቀው ከዚያች መንደር በተገኘው ናሙናም ጭምር ነው። ሙታኑ መናገር ባይችሉ ወገን አላቸው። መጠየቁ ምርምሩን አልገደለውም።

ሳይጠየቅ ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሄንሪታ ላክስ። በ1951 በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የማህፀን በር ካንሰር ይዟት ገባች። 30 ዓመቷ ነበር። ከእብጠቱ የተወሰደው ሴል ለምርምር ተሰጠ። እሷን የጠየቃት የለም። በዚያው ዓመት ሞተች፣ ሴሎቿ ግን ዛሬም ይራባሉ። ሄላ የሚባለው እሱ ነው።

የላብ ሰው፦ ሄላ የፖሊዮ ክትባትን ለመፈተሽ ውሏል። ይሄንንም ጨምር እንጂ።

ሕግ አጥኚ፦ እጨምራለሁ። ይሄንንም እጨምራለሁ፦ ቤተሰቧ ነገሩን የሰማው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2013 ደግሞ የሄላ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዘረመሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ተለጠፈ፣ አሁንም ቤተሰቡ ሳይጠየቅ። የልጆቿና የልጅ ልጆቿ የዘር ምስጢር ጭምር ማለት ነው። ጩኸት ሲነሳ ወረደ። ከዚያ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጋር ስምምነት ተደረገና መረጃውን ማን ያያል የሚለውን በሚመረምረው ቡድን ውስጥ የቤተሰቡ አባላት ገቡ። በ2023 ደግሞ ቤተሰቡ ከሄላ ሴል ትርፍ አግኝቷል ብሎ ከከሰሰው ከቴርሞ ፊሸር ኩባንያ ጋር ተስማማ። 72 ዓመት ፈጀ። በአንድ ጥያቄ ያልቅ የነበረ ነገር።

ቁጥር ወዳጅ፦ እኔ ስሜት ውስጥ አልገባም፣ ቁጥር ነው የማወራው። ፈቃድ ስትጠይቅ እሺ የሚለውና እምቢ የሚለው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የእንግሊዙን ዩኬ ባዮባንክ ውሰዱ፣ ለምርምር የሰዎችን ናሙናና የጤና መረጃ የሚያከማች ተቋም ነው። ከ9 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው ግብዣ ተላከ። የመጣው 500 ሺህ ነው፣ በመቶ ሲሰላ ከ6 በታች። የመጡት ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ጤነኞች ናቸው። ሲጋራ የማያጨሱ ይበዙባቸዋል፣ ኑሯቸውም የተሻለ ነው። ከዚህ ተነስቶ ስለ ድሃው በሽተኛ መናገር አስቸጋሪ ነው። የተረፈ ናሙና ግን ሁሉንም ይይዛል። ድሃውንም፣ ፎርም የማይሞላውንም።

የታካሚ ልጅ፦ አይ፣ ይሄ አይገናኝም። ባዮባንኩ ሰውን ከቤቱ ና ብሎ ነው የጠራው። ለዚያ ጊዜና አቅም ያለው ይመጣል። እኛ የምናወራው ሐኪም ቤት ገብቶ ክንዱን ስለዘረጋ ሰው ነው። ያን ሰው «የተረፈውን ለምርምር ብናደርገው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ብዙው እሺ ነው የሚለው። ድሃውን ሳትጠይቀው ከወሰድክበት ደግሞ «ድሃውንም አካተትነው» አይባልም።

ቁጥር ወዳጅ፦ እሺ፣ ምሳሌዬ ልክ አልነበረም። ነጥቡን ግን አልተውኩትም። እምቢ የሚሉት ጥቂት ቢሆኑም እንኳ በአጋጣሚ የሚበተኑ አይደሉም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። ስሜ ከጠፋ በኋላ ማን ያውቀኛል? ስንት ሚሊዮን ደም መሃል?

ቁጥር ወዳጅ፦ ወገኔን ባሳጣም እውነቱን ልናገር። በቲዩብ ላይ ስም ማጥፋትና በዘረመል ላይ ስም ማጥፋት አንድ አይደለም። በ2013 ተመራማሪዎች ስም አልባ ተብለው ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ጂኖሞችን ወሰዱ። ዋይ ክሮሞሶም የሚባለው የዘረመል ክፍል ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚሄደው። ፈረንጆቹ ዘንድ የቤተሰብ ስምም እንደዚያው ነው። ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ ከሚጠቀሙባቸው ድረ ገጾች ጋር አገናኝተው የቤተሰብ ስሙን ገመቱ፣ ዕድሜና አካባቢ ጨመሩበት። ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎችን ማንነት ደረሱበት። ዝርዝሩን አላወጡትም፣ ሊያስጠነቅቁ ነው የሠሩት። ስለዚህ ለጉበት መመርመሪያ ማስተካከያ ስም ማጥፋት ይበቃል። ሙሉ ጂኖም ለሚነበብበት ሥራ ግን «ማን ያውቅሃል» ማለት ድፍረት ነው።

የስላይድ እመቤት፦ በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ነገሩን ሁሉ በአንድ ስም «የተረፈ ናሙና» ማለታችን ነው ያጋጨን።

ሕግ አጥኚ፦ ደግሞ ሰው ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። አሜሪካ ውስጥ ግራንድ ካንየን የሚኖሩ ሃቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። የስኳር በሽታ ስለበዛባቸው ለዚያ ጥናት ብለው ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደም ሰጡ። በኋላ ደሙ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ ሕዝቡ ከየት መጣ ለሚል ጥናትም ዋለ። እነሱ ከዚያው ከካንየኑ ተገኘን ብለው ነው የሚያምኑት። ጥናቱ ከሌላ አህጉር መጣችሁ አላቸው። ማንም ግለሰብ በስም አልተጠራም። የሕዝቡ ስም ግን ተጠራ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700 ሺህ ዶላር ለመክፈልና ናሙናውን ለመመለስ ተስማማ። እነዚህ ሰዎች ምርምር እምቢ ያሉ አይደሉም። ለአንዱ እሺ ያሉ ናቸው።

የላብ ሰው፦ ይሄ ከበደኝ። ስለ ጉበት ማሽን ሳወራ እንዲህ ያለውን አላሰብኩም ነበር።

ግን ገንዘቡን እናውራ። ሰው ሁሉ ከተጠየቀ «ድርሻዬስ?» ማለቱ አይቀርም።

ሕግ አጥኚ፦ እሱ ተሞክሯል። ጆን ሙር የሚባል የደም ካንሰር ታማሚ በ1976 ጣፊያው ወጣለት። ሐኪሙ ከዚያ እንደ ሄላ በላብራቶሪ የሚራባ የሴል ዝርያ አዘጋጀ፣ የባለቤትነት መብትም ወጣበት። ሙር ሳያውቅ ለዓመታት እየተመላለሰ ደምና ሌላም ናሙና ይሰጥ ነበር። ከሰሰ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ምን አለ? ከሰውነትህ የወጣው ሴል ንብረትህ አይደለም፣ ሐኪሙ ግን ጥቅም እንዳለው ሊነግርህ ይገባ ነበር። ለኔ ግማሽ ፍርድ ነው። ጣፊያው የሙር ካልሆነ እንዴት የሐኪሙ ሆነ?

የስላይድ እመቤት፦ አንዱ ጣፊያ ብቻውን መድኃኒት አይሆንማ! በላዩ ላይ የዓመታት ሥራ አለ። ለሙር ግን ሊነገረው ይገባ ነበር፣ እሱን አልከራከርም።

የእንግሊዝን ሕግ ላምጣ፣ መሃል መንገድ ስለሚመስለኝ። ሊቨርፑል ውስጥ አልደር ሄይ በሚባል የሕፃናት ሆስፒታል የሞቱ ልጆች የውስጥ አካል ወላጆች ሳያውቁ ሲቀመጥ እንደነበር በ1999 ተጋለጠ። ወላጆች ልጃቸውን ቀብረናል ብለው ከዓመታት በኋላ ልብ ወይም አንጎል ቀርቷል ተባሉ። ከዚያ በ2004 ሕግ ወጣ። ከሞተ ሰው የተወሰደ ነገር ያለ ፈቃድ ለምርምር አይነካም። በሕይወት ካለ ሰው የተረፈ ግን፣ ተመራማሪው ማንነቱን ማወቅ ካልቻለና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካጸደቀው፣ ያለ ፈቃድ ይቻላል። ዘረመል ከሆነ ሌላ ጥብቅ መስፈርት አለው።

የላብ ሰው፦ እኔ ለዚህ እጄን አነሳለሁ። በዚያ ላይ መግቢያው ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ «የተረፈ ናሙና ለምርምር ሊውል ይችላል፣ የማይፈልግ ይንገረን።» አለቀ።

የታካሚ ልጅ፦ ማን ነው የሚያነበው? እናቴን ይዤ ስገባ ግድግዳ አላየሁም። ፊቷን ነበር የማየው። ለማለት ያህል የተለጠፈ ወረቀት እናንተን እንጂ እኛን አይጠብቅም። ደም የሚቀዳው ሰው በአፉ ይጠይቅ። መልሱ እዚያው ቲዩቡ ላይ ይመዝገብ።

የላብ ሰው፦ ደም የሚቀዳው ሰው በቀን ስንት ሰው እንደሚወጋ ታውቂያለሽ?

የታካሚ ልጅ፦ አላውቅም። «ምግብ በልተሻል?» ብሎ ግን ይጠይቀኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ይሄ ጥሩ መልስ ነው።

የስላይድ እመቤት፦ እህቴ፣ ከክርክሩ ውጭ ልጠይቅሽ። ብሎኩ አልቋል ሲሉሽ ስለ ስላይዶቹ ጠየቅሽ? ብሎክና ስላይድ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። ቀለም ከገባበት አሮጌ ስላይድ ላይ እንኳ ተፍቆ ዲኤንኤ ሊወጣ ይችላል። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን ይሞከራል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከሆነ ከብብቷ ንፍፊትም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ ያልደረሰበት ንፍፊት ያለበትን ስላይድ ጠይቂ። በዘር የሚመጣውን ለመለየት ጤነኛው ሥጋ ነው የሚሻለው። አንቺም ራስሽ መመርመር ትችያለሽ፣ አክስትሽ ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ ከሷ መጀመር ይቀላል።

የታካሚ ልጅ፦ ስለ ስላይድ ማንም አልነገረኝም። አክስቴ ስለ በሽታው ማውራት አትፈልግም። አላስገድዳትም። ነገ ጠዋት እዚያው እሄዳለሁ።

ግን ያኔ የሰጡኝ የመጠየቂያ ፎርም አሁንም አለኝ። መጨረሻው ላይ «የናሙናው ባለቤት ፊርማ» ይላል። እዚያ ላይ ማን ይፈርማል?

የስላይድ እመቤት፦ ስምሽን ጽፈሽ «ልጅ» ብለሽ ፈርሚ። የሞት ማስረጃውን አያይዢው። እምቢ ካሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ።